ማማው ወይስ ቀፎው?

ውድ እናቶች፣ በሰፈርዎ የሞባይል ማማ ሲተከል «ጨረሩ ልጆቻችንን ይጎዳብን ይሆን?» ብለው ሠግተው ይሆናል። መሥጋትዎ አያስነቅፍም፤ ነገር ግን ወደ ሰውነታችን ከሚገባው የሬዲዮ ሞገድ የሚበዛው የሚመጣው ከማማው ሳይሆን ጆሯችን ላይ ከምንለጥፈው ቀፎ ነው። ሞገድ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይመነምናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ቀፎው ጉልበቱን እንደ ኔትወርኩ ሁኔታ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ማማው ቅርብ ከሆነ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ጥቂት ይበቃዋል፤ ማማው ሲርቅ ወይም ተራራ ሲጋርደው ግን ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይጮሃል። ነቀምቴ የሚሠራ ልጅ ኪራሙ ገጠር ላሉት እናቱ ሲደውል፣ የእርሱ ቀፎ እያንሾካሾከ የእናቱ ሊጮህ ይችላል ማለት ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የሚወጡት እናት እንግዲህ ለጤናቸውም እየበጁ ነው። ማማውን ያባረረ ሰፈር በአንጻሩ የየራሱን ቀፎ ያስጮሃል።

ጉዳቱስ ምን ያህል ነው? በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2003 ዓ.ም. ይህን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ነገሮች መደበው፤ ማስረጃው ግን ውሱን መሆኑንም አልሸሸገም። ድርጅቱ አሠርቶት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ በሞባይል መጠቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ሞገዱ እንደ ራጅ ጨረር ሕዋስን የመሰባበር ኃይል የለውም፤ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሥራው አካልን በጥቂቱ ማሞቅ ነው።

ስለዚህ ስልኩን ይጣሉ የሚልዎ የለም። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ሲቋረጥ ያየች እናት የአንዲት ጥሪ ዋጋ አይጠፋትም።

ጥንቃቄው ገንዘብ አያስወጣም። ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ወይም ማዳመጫ ሰክተው ቀፎውን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቢያርቁት፣ ወደ ራስዎ የሚደርሰው ሞገድ እጅግ ይቀንሳል። የቆርቆሮ ጣራ ሞገድ ስለሚመልስ ከጓዳ ይልቅ ደጅ ወጥተው ይነጋገሩ። ኔትወርኩ አንድ መሥመር ብቻ ካሳየ ረጅሙን ወሬ ለሌላ ጊዜ ያቆዩትና አጭር መልእክት ይላኩ።

ብዙዎቻችን ገበያ ስንወጣ ቀፎውን ጡት መያዣችን ውስጥ እንሸጉጣለን። ከሌባ ማዳኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ አምራቾች የሞገዱን መጠን የሚለኩት ቀፎው ከሰውነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ እንደሆነ በመመሪያቸው ጽፈዋል። ቦርሳ ይሻላል። በተለይ ልጅ እያጠቡ ሲነጋገሩ ቀፎው በሕፃኑ ራስና በእርስዎ ጆሮ መካከል እንዳይሆን ያድርጉ። ትልቁ ልጅ ጌም ልጫወት ብሎ ካስቸገረዎ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ምልክት ተጭነው ይስጡት፤ ያን ጊዜ ቀፎው ከማማው ጋር መነጋገሩን ያቆማል።