ወደ ኤደን የዞሩ ባንኮችና ቀድሞ የተያዘ የክላውድ አቅም

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ኤደን የተቀመጠው የየመን ማዕከላዊ ባንክ፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሰንዓ የሆነ ባንኮች በ60 ቀናት ውስጥ ወደ ኤደን እንዲዛወሩ አዘዘ። ባልተዛወሩት ላይ እርምጃው ፈቃድ እስከ መሰረዝ ደርሶ ነበር፤ በጁላይ ወር በተባበሩት መንግሥታት ሽምግልና ተነሣ። ከስምንት ወራት በኋላ ግን አሜሪካ ሰንዓን የያዙትን ሁቲዎች በውጭ አሸባሪ ድርጅትነት ፈረጀች። የዓለም አቀፍ ክፍያ በር እንዳይዘጋባቸው የሠጉ ባንኮችም ወደ ኤደን መዞር ጀመሩ።

ባንክ ሲዛወር ማኅተሙና መዝገቡ ብቻ አይጓዝም። የደንበኛው ሒሳብ የሚሰላበት ኮምፒውተርም ቦታ ይፈልጋል። ኤደን ደግሞ በሙቀቱ ወራት መብራት በቀን ለረጅም ሰዓታት የሚጠፋባት ከተማ ናት። በ2024 የተመረቀው 120 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ቀኑን ቢያግዝም፣ ሲመሽ ሸክሙ ተመልሶ ነዳጅ ላይ ይወድቃል። በራስ ጄኔሬተር ሰርቨር ማሠራት ለሰርቨሩም ለማቀዝቀዣውም ናፍጣ መግዛት ማለት ነው። በሌላ በኩል ሰርቨር በኢንተርኔት (በክላውድ) የሚያከራየው አማዞን በ2019 ባህሬን ውስጥ፣ በ2022 ደግሞ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዳታ ሴንተሮችን ከፍቷል። ኤደን በ2018 የራሷን የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ኤደን ኔትን፣ ጀምራለች፤ በሴፕቴምበር 2024 ስታርሊንክ ተጨምሯል። ስለዚህ ሰርቨሩን ከክላውድ መከራየት ለኤደን ባንክ በቁም ነገር ሊመዘን የሚገባ አማራጭ ሆኗል። ጥያቄው ኪራዩ እንዴት ይከፈል የሚለው ነው።

የክላውድ ማሽን በሁለት ዓይነት ዋጋ ይገኛል። አንደኛው በተጠቀሙበት ሰዓት ልክ የሚከፈለው ነው፤ ሲፈልጉ ይከፍቱታል፣ ሲበቃ ይዘጉታል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት ቀድሞ ቃል የሚገባበት ነው። አማዞን ለዚህ ቃል እስከ 72 በመቶ ቅናሽ እሰጣለሁ ይላል። ነገር ግን ክፍያው ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም አይቀርም። ዛሬ ሌሊት ያልተጠቀሙበት ሰዓት ለነገ አይተላለፍም።

ለስሌት ያህል አንድ ባንክ ሁለት የክላውድ አካውንት አለው እንበል፤ አንዱ የቅርንጫፎችን የቀን ሥራ ያካሂዳል፣ ሌላው ሌሊት ሒሳብ ዘግቶ ሪፖርት ያዘጋጃል። የአንድ ማሽን መደበኛ ዋጋ በሰዓት 10 ሳንቲም ዶላር፣ ቀድሞ ሲያዝ 6 ሳንቲም ነው ብለን እንያዝ። የቀኑ አካውንት አሥር ማሽኖችን ቀድሞ ያዘ፤ በቀን 14.40 ዶላር ይከፍላል። አሥሩም የሚሠሩት ለ12 ሰዓት ነው፤ በቀሩት 12 ሰዓታት ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ። ከ240 የማሽን ሰዓታት የተሠራበት 144ቱ ነው። 14.40ን ለ144 ስናካፍል ባንኩ ለሰዓት የከፈለው ያንኑ 10 ሳንቲም ሆኖ ይገኛል። የ40 በመቶው ቅናሽ በሥራ ፈት ሰዓታት ተበልቶ አልቋል። የሌሊቱ አካውንት ደግሞ ስምንት ማሽኖችን ለ12 ሰዓት በመደበኛ ዋጋ ተከራይቶ 9.60 ዶላር ይጨምራል። ድምሩ በቀን 24 ዶላር ነው።

ሁለቱ አካውንቶች በአንድ ከፋይ ሥር ቢሆኑና ቅናሹ እንዲጋራ ቢፈቀድስ? ከቀኑ ሥራ የተረፉት 96 ሰዓታት የሌሊቱን ፍላጎት በትክክል ይሸፍናሉ፤ ወጪው 14.40 ላይ ይቆማል። በዓመት 3,504 ዶላር ይተርፋል ማለት ነው። አንድ ማሽን አልተቀነሰም፣ አንድ ሪፖርት አልዘገየም። በአማዞን ማጋራቱ በአንድ ከፋይ ሥር ላሉ አካውንቶች ሁሉ ከመነሻው ክፍት ነው። ቅናሹ በመጀመሪያ የገዛውን አካውንት ያገለግላል፤ የተረፈው ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። በማይክሮሶፍት አዙር ገዢው ቅናሹ ለአንድ ብቻ ይሁን ወይስ ለሁሉም የሚለውን ራሱ ይመርጣል።

የባንክ ቦርድ ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚያነሣው ሥጋት የደንበኛ መረጃ ነው። የሚጋራው ግን የዋጋ ቅናሹ ብቻ ነው። የአንዱ አካውንት መረጃ፣ የይለፍ ቃልና አጥር እንደነበረ ይቆያል።

ይልቅ ቦርዱ ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በአንድ አገልግሎት ክልል ውስጥ በየትኛውም ዞን (የዳታ ሴንተር ክፍል) የሚሠራው ቅናሽ የዋጋ ውል ብቻ ነው። ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ተጨማሪ ማሽን ሲፈለግ ዳታ ሴንተሩ ሞልቶ ቢገኝ፣ ቅናሹ ማሽን አያስገኝም። ማሽኑን ራሱን የሚያስይዘው ለአንድ ዞን ተለይቶ የሚገዛው ወይም የአቅም ማስያዣ የሚባለው ሌላ ውል ነው፤ ከሁለቱ የአቅም ማስያዣው በአካውንቶች መካከል ሊጋራ ይችላል። ሁለቱን አምታቶ የመግዛት ዋጋ የሚታወቀው ሥራ በበዛበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ማረሚያ ጊዜ የለም።

ከሒሳቡ የሚከብደው የቢሮው ጉዳይ ነው። የቀኑ ክፍል ከበጀቱ 14.40 ይከፍላል፤ የሌሊቱ ክፍል ምንም ሳይከፍል ይገለገላል። በዓመቱ መጨረሻ የቀኑ ክፍል ኃላፊ በጀት አባካኝ ተብሎ ሲወቀስ፣ ማጋራቱን አጥፉልኝ ማለቱ አይቀርም። እንደ እኔ እምነት ቅድመ ግዢው የማንም ክፍል ሳይሆን የፋይናንስ መምሪያው ሊሆን ይገባዋል። ወጪው ለየክፍሉ በተጠቀመበት ሰዓት ልክ ይከፋፈል። በእኛ ምሳሌ የቀኑ ክፍል 8.64፣ የሌሊቱ 5.76 ዶላር ይደርሳቸዋል፤ ሁለቱም ማጋራቱ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ያነሰ ከፈሉ።

የተለያዩ ባንኮች ተሰባስበው በአንድ ከፋይ ሥር ይግቡ የሚል ሐሳብ እዚህ ጋ ይመጣል። መንገዱ ግን ጠባብ ነው። አማዞን ከጁን 2025 ጀምሮ፣ መካከለኛ ሻጮች ለአንዱ ደንበኛ የገዙትን ቅናሽ ለሌላው እንዳያውሉ ከልክሏል። ባንኮቹ በጋራ የሚመሠርቱት ኩባንያ ግን ራሱ አንድ ደንበኛ ነው። እኛ አገር ባንኮች የክፍያ ማሽኖቻቸውን ለማገናኘት እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትስዊችን በአክሲዮን ሲያቋቁሙ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ኤደንም በ2024 ለሐዋላ አንድ የጋራ መረብ ዘርግታለች፤ በዚያ ላይ መጨመር ከዜሮ ከመጀመር ይቀላል።

ኤደን ተይዞ ያልተሠራበትን አቅም በወደቧ አይታዋለች። በ2008 የዱባዩ ዲፒ ወርልድ በሽርክና የኮንቴይነር ተርሚናሉን ተረከበ። በአራት ዓመት ውስጥ የኮንቴይነሩ ብዛት እጅግ አሽቆለቆለ፣ መንግሥትም ቃል የተገባው ማስፋፊያ አልመጣም ብሎ በ2012 ውሉን አቋረጠ። የዓለም የፋይናንስ ቀውስ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ የተስፋፋው የባሕር ዝርፊያና የ2011ዱ ሁከት ድርሻ ነበራቸው። ቢሆንም አንድ ወገን የያዘው የመርከብ ማቆሚያ ባዶ በዋለባቸው ዓመታት ሌላ መርከብ አስተናጋጅ ሊሠራበት አልቻለም። ሥራ ፈቱን አቅም ለሌላ የሚለቅ አንቀጽ በወደብ ውል ውስጥ ለማስገባት ብዙ ድርድር ይጠይቃል። በክላውድ ውል ውስጥ ከፋዩ በአንድ ምርጫ የሚያበራው ነገር ነው።

ለስንት ዓመት ቃል ይገባ? ቅናሹ ብቻ ከታየ ሦስት ዓመት ይስባል። ነገር ግን ሒሳቡ በዶላር፣ ገቢው በሪያል ነው። ኤደን ውስጥ አንድ ዶላር በጁላይ 2025 ከ2,800 ሪያል በላይ ደርሶ፣ በቀጣዩ ወር ወደ 1,600 ገደማ ወረደ። ያ 3,504 ዶላር በአንዱ ወር 9.8 ሚሊዮን፣ በሌላው 5.6 ሚሊዮን ሪያል ነው። እኛም በጁላይ 2024 መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ሲያልፍ አይተናል። በእንዲህ ያለ አገር የአንድ ዓመት ውል፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ በየወሩ የሚከፈለውን እመርጣለሁ። መግዛትም ያለበት በሌሊትም በቀንም፣ በሁሉም አካውንቶች ድምር ከማይጎድለው ዝቅተኛ ፍላጎት ልክ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን ከመግዛትም በየሩብ ዓመቱ ከፋፍሎ መግዛት ይሻላል፤ ውሎቹ በአንድ ጊዜ አያልቁም፣ ፍላጎት ሲቀንስ የሚያልቀውን አለማደስ ይበቃል።

ለኤደን ባንኮች ብቻ የሚሆን አንድ ጉዳይ ይቀራል። ሰንዓ ውስጥ ቅርንጫፍ የቀረለት ባንክ፣ የዚያን ቅርንጫፍ አካውንት በኤደኑ ከፋይ ሥር ካስቀመጠ፣ በኤደን የተከፈለበት ቅናሽ ወዲያኛው ሊፈስ ይችላል። ሁቲዎች በተፈረጁበት ሁኔታ የውጭ ተባባሪ ባንክ ይህን ቢጠይቅ፣ ሲስተሙ ራሱ አድርጎት ነው የሚል መልስ አያድንም። ከፋዩ አካውንት በስም ለይቶ አንዱን አካውንት ከማጋራት ማውጣት ይችላል። የመጀመሪያው ማሽን ከመያዙ በፊት የሕግ ክፍሉና የፋይናንስ መምሪያው አብረው ተቀምጠው ከማጋራት በሚወጡት አካውንቶች ዝርዝር ላይ ሊፈርሙ ይገባል።