ስሙ ጠፍቶ ፊደሉ የቀረ ፓርቲ

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ነታኒያ ውስጥ በሽማግሌዎች መካከል አንድ ክርክር ይነሳል። «የራሳችን ፓርቲ ይኑረን» የሚሉ አሉ። «ትልቁ ውስጥ ገብተን እንሥራ» የሚሉም አሉ። ይህ ጥያቄ በኛ ማኅበረሰብ አልተጀመረም። ከተማይቱን የቆረቆሯት ሰዎችም ተከራክረውበታል።

ነታኒያን የመሠረታት ብኔ ቢንያሚን የሚባል የሞሻቫ ገበሬዎች ልጆች ማኅበር ነው። ከሂስታድሩት ሶሻሊስቶች ጋር ብዙም አይዋደዱም ነበር፤ የሚያምኑት በግል እርሻና በግል ገንዘብ ነው። በ1928 ኦቬድ ቤን አሚና የኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ልጅ ኢታማር ቤን አቪ ገንዘብ ፍለጋ አሜሪካ ሄዱ። ከተማዋንም በባለጸጋው ናታን ስትራውስ ስም ሰየሟት። ሰውዬው ግን ሀብቱን ቀድሞ ለሌላ በጎ ሥራ ሰጥቶ ጨርሷል ተባለ። እነሱም ስሙን ይዘው ተመለሱ። በ1929 ዑም ኻሊድ ከሚባለው የዐረብ መንደር በተገዛ መሬት ላይ ሰፍረው ብርቱካን ተከሉ። (የዚያ መንደር ነዋሪዎች በ1948 ለቀው ሄደዋል።) የዓለም ጦርነቱ መጥቶ የብርቱካን ንግድ ሲቆም ከተማዋ አልማዝ በመቁረጥ እንጀራዋን አገኘች።

በኦገስት 1947 እንግሊዞች ከንቲባውን ቤን አሚን ይዘው ላትሩን አሰሩት። አብረውት ከታሰሩት አንዱ የቴል አቪቭ ከንቲባ እስራኤል ሮካህ ነው። ሮካህ የጽዮኒም ክላሊም፣ ማለትም የአጠቃላይ ጽዮናውያን ፓርቲ ሰው ነበር፤ በኋላ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆኗል።

ይህ የነጋዴዎችና የፓርዴስ ባለቤቶች ፓርቲ በ1949 በክኔሴት 7 ወንበር፣ በ1951 ደግሞ 20 አገኘ። ማፓይን ግን አልደረሰበትም። በ1959 ወደ 8 ወረደ። በ1961 ከሌላ ፓርቲ ጋር ተዋህዶ ሊበራል ተባለ፤ በ1965 ከቤጊን ሔሩት ጋር ገሐልን መሠረተ፤ በ1973 ሊኩድ ውስጥ ገባ። ሊኩድ በ1977 መንግሥት ያዘ። ለብቻው ቢቀር ይህን ማግኘቱ ያጠራጥራል።

የኛም ሰዎች ሁለቱንም መንገድ ሞክረዋል። አዲሱ መሰለ በ1996 በአቮዳ በኩል ክኔሴት ገባ። አብርሃም ንጉሤ በ2006 አቲድ ኤሐድ በሚል ፓርቲ ለብቻው ተወዳደረና አላለፈም፤ በ2015 በሊኩድ በኩል ገባ። «ገብቶስ የኛን ጉዳይ ማን ሰማው?» የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተዘጋም።

የሊኩድ የምርጫ ወረቀት ላይ ሦስት ፊደላት አሉ፤ ሜም፣ ሔት፣ ላሜድ። ሔቷ የሔሩት ናት። ከሊበራሎች ወደዚያ ወረቀት የተሻገረችው ላሜዷ ናት።