«በሽታው መድኀኒቱን ለመደው» ስለሚባለው ነገር

ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ የሚወርደውን መንገድ የተጓዘ ሰው የአየሩን መለወጥ ሳያስተውል አይቀርም። ከላይ በባንጃ ብርድና ጉም አለ፤ ድንችና ገብስ ይበቅላል። ወደ ጓንጓ ሲደረስ ግን ሙቀት ነው፤ በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚዘራበት አገር ነው። ከደጋ የወረደው ድንች በጫግኒ ገበያ ይሸጣል፤ እኛም የዚህን ጽሑፍ አሳብ ያገኘነው ከዚሁ ገበያ ነው። ድንች ይዘው የወረዱ አንድ አዛውንት ገበሬ ተማሪዎች መሆናችንን ባወቁ ጊዜ፣ «ልጆቼ፣ በሽታው መድኀኒቱን ለመደው መሰለኝ። በፊት አንድ ማንኪያ ይበቃ ነበር፤ ሁለት አድርጌም አልሆነልኝ። ሦስት ላድርገው?» ሲሉ ጠየቁን። «አባታችን፣ አይጨምሩ» አልናቸው። ምክንያቱን ግን በገበያ መካከል ቆመን በሚገባ ለማስረዳት አልቻልንምና እነሆ እዚህ እንጽፈዋለን።

በብዙ ስፍራ ምች የሚባለው ይህ የድንች በሽታ በሳይንስ ስሙ ፊቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል። በመልኩና በአኗኗሩ ሻጋታን ስለሚመስል ከሻጋታ ጋራ ሲቈጠር ኖሯል፤ ሊቃውንት ግን የዘር ግንዱን ሲመረምሩ ከእውነተኛው ሻጋታ ይልቅ ለአልጌ የቀረበ ሆኖ አገኙት። ይህ የስም ክርክር ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ የሻጋታ መድኀኒት በዚህ በሽታ ላይ ምንም የማይሠራው ስለዚሁ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን የመታው ረኀብ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የፈጀው፣ ከዚህ በሽታ የተነሣ ነበር። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1858 በጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ በሺምፐር አማካይነት ነው ይባላል። በሰሜን ምዕራብ ደጋ ብዙ ገበሬ ድንቹን በክረምት ትቶ በበልግና በመስኖ የሚተክለውም አብዛኛውን በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ብርድና እርጥበት ከተገናኙ አንድ ማሳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ሊወድቅ ይችላል።

አሁን ወደ ተጠየቅነው ነገር እንመለስ። «ለመደው» የሚለው ቃል ያሳስታል። ሰው ቀስ በቀስ የአረቄን ኀይል እንደሚለምድ፣ በሽታውም መድኀኒቱን ቀምሶ የተማረ ያስመስለዋል። የሚሆነው እንዲህ አይደለም። በአንድ የታመመ ቅጠል ላይ ብዙ ሺህ ዘር ይፈጠራል፤ ከዚህ ሁሉ መካከል መድኀኒቱ ሳይመጣ በፊት በተፈጥሮ ስሕተት ጥቂት የተለየ አንድ ዘር ይገኛል እንበል። መድኀኒቱ ሲረጭ ሌሎቹ ይሞታሉ፤ ያ አንዱ ይተርፋል። ከሳምንት በኋላም ማሳው የእርሱና የልጆቹ ይሆናል። ገበሬ መልካሙን ዘንግ መርጦ ለዘር እንደሚያስቀምጥ፣ ሳናውቀው ክፉውን መርጠን የምንዘራ እኛው ነን። በመድኀኒቱ የማይነካውን ዘር ደግሞ መጠን ቢጨምሩበት የሚጠቀመው ከቀሩት ደካሞች መገላገሉን ነው።

ይህ በግልጽ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ የእርሻ ማሳ ሳይሆን የጎልፍ ሜዳ መሆኑ ያስገርማል። የጎልፍ ሜዳ ሣር አጭር ሆኖ ይታጨዳል፤ ዘሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ተፈራርቆ የሚዘራበት ሌላ ሰብል የለም፤ መድኀኒትም በየጊዜው ይረጭበታል። በዚህ ሣር ላይ የገንዘብ ሳንቲም የሚያህል የደረቀ ነጠብጣብ የሚያወጣ የሻጋታ በሽታ አለ። በአሜሪካ ቤኖሚል የሚባለው መድኀኒት ድንቅ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ ሜዳ መሥራቱን አቆመ። ቤኖሚል የሻጋታውን ሕዋስ መከፋፈል የሚያግደው አንዲት ፕሮቲን ይዞ ነው፤ ያችው ፕሮቲን ጥቂት ስትለወጥ መያዣ አጣ።

የድንቹም ታሪክ ከዚህ አይለይም። በ1977 ሜታላክሲል የሚባል መድኀኒት ወጣ። ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፤ ዝናም አያጥበውም፤ ስለዚህ እጅግ ተወደደ። በ1980 ግን በአየርላንድና በሆላንድ ድንቹ ተረጭቶ እያለ ጠቈረ። በእነዚህ አገሮች ሜታላክሲል ለብቻው ይረጭ ነበር፤ ማንኮዜብ ከሚባለው መድኀኒት ጋራ ተቀላቅሎ ብቻ ይሸጥ በነበረበት በእንግሊዝ ግን በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ጥፋት አልደረሰም። የማይነካው ዘር ኋላ እዚያም መገኘቱን መደበቅ አይገባም፤ ቅልቅሉ ጊዜ ገዛ እንጂ በሽታውን አላስቀረውም።

በእኛ አገር ሪዶሚል ጎልድ ኤም ዜድ 68 እየተባለ የሚሸጠውም ቅልቅል ነው፤ ከመቶው 64 እጅ ማንኮዜብ ሲሆን 4 እጅ ሜታላክሲል ነው። ማንኮዜብ በቅጠሉ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ብዙ ዝናም ያጥበዋል፤ በሽታው ከገባ በኋላም አያድንም። ሆኖም የበሽታውን ሕይወት በብዙ በኩል ስለሚመታ በአንድ ለውጥ ብቻ ሊመለጥ አይችልም። ሁለቱን እያፈራረቁ መርጨት የሚመከረው ስለዚህ ነው። ችግሩ፣ በአንዳንድ ሱቅ መድኀኒቱ ከካርቶኑ ወጥቶ በትናንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ይሸጣል፤ ስሙና መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት ይቀራል። ገበሬው «ቢጫውን ዱቄት» ገዝቶ ይሄዳል፤ የትኛውን ከየትኛው እንደሚያፈራርቅ በምን ይወቅ? በዚህ ነገር ገበሬውን የሚወቅሱ ሰዎች ትክክል አይመስሉንም።

መድኀኒት አልሠራም ማለትም ሁልጊዜ በሽታው በረታ ማለት አይደለም። ዘግይቶ የተረጨ፣ ወዲያው ዝናም ያጠበው፣ የቅጠሉን ሆድ ያልነካ መድኀኒትም እንዲሁ ይከሽፋል። እኒያ አዛውንት የረጩት ቅጠሉ መጥቈር ከጀመረ በኋላ እንደ ነበረ ኋላ ነገሩን። ስለዚህ የነገርናቸው ማንኪያውን ሳይሆን ቀኑን እንዲለውጡ ነው፤ ምልክት ሳይታይ በማንኮዜብ መጀመር፣ ሪዶሚሉን ጥቂት ጊዜ ብቻ መጠቀም፣ ቢገኝ በሽታ የሚችል ዘር መትከል። ከአዴት የምርምር ጣቢያ ከወጡት የድንች ዘሮች አንዱ በእንጅባራ አጠገብ ባለው ሐይቅ ስም ዘንገና ተብሎ እንደሚጠራ ስንነግራቸው ሣቁ።

በማግስቱ ወጥተን ማሳቸውን አየን። በዳር በኩል ባለፈው ወቅት ሲለቀም የተጣለ የበሰበሰ ድንች ተከምሮ ነበር። ከክምሩ ውስጥ ጥቂቱ በቅሏል፤ የአንዱን ቅጠል ብንገለብጠው ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አገኘን። አዛውንቱም ወዲያው ጉድጓድ ይቈፍር ዘንድ ልጃቸውን ጠሩት።