አውራ ጣትና ፊርማ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ በጅማ መንገድ የሚሄድ ሰው ሰበታን፥ በአምቦ መንገድ የሚሄድ ቡራዩን፥ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚወርድ ደግሞ ሱሉልታን ያገኛል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከነዋሪያቸው ብዙው ጧት ወደ መዲናይቱ ለሥራ ገብቶ ማታ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ድምፁን የሚሰጠው በሚሠራበት ሳይሆን በሚያድርበት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ያዝዛልና። ቤት በየጊዜው ለሚለዋውጥ ተከራይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመምረጥ መብት በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ የሕዝብ እንደራሴዎችን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ጥቂት ቈይቶ በተደረገው ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ ዕድሜው 18 ነው። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የተወዳዳሪው ምልክት መታተሙም ፊደል ያልቈጠረው ሰው ያለ ረዳት፥ በምስጢር እንዲመርጥ ይረዳዋል።

ነገር ግን ምርጫ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የቀበሌ ስብሰባ፥ የግብር ማስታወቂያ፥ ቃለ ጉባኤው ምልክት አልተሳለበትም። የሚሰማውን ሳያጣራ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚያሳርፍ ሰው፥ ምን እንደ ተስማማ የሚያውቀው ጸሓፊው ብቻ ነው።

በእነዚህ ከተሞች ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ጉዳያችንም በተለይ ይህ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አፋን ኦሮሞን ጨምሮ ሁሉም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፥ ቁቤ በተባለው፥ እንዲጻፍ ተወሰነ። ለትምህርት ቤት ልጆች መልካም ሆነላቸው። በዘመቻው ጊዜ ፊደል የቈጠረው ኦሮሞ ገበሬ ግን፥ እንዲሁም ዳዊት ሲደግም የኖረው ሽማግሌ፥ በቀበሌው ሰሌዳ ፊት ዳግመኛ ያልተማረ ሆኖ ቆመ። ማንበብ ይችላል፤ የተጻፈለትን ግን አያነብም።

ስለዚህ ለጐልማሶች የዜግነት ትምህርት ሲታሰብ ከሕገ መንግሥት አንቀጽ ይልቅ ከሰሌዳው መጀመሩን እንመርጣለን። ቤክሲሳ ማለት ማስታወቂያ፥ ገልሜ ማለት መዝገብ፥ ፊለኖ ማለት ምርጫ መሆኑን ለይቶ በቁቤ የሚያነብ ጐልማሳ፥ አንቀጹን ኋላ ራሱ ይደርስበታል። «ከሸመገሉ ወዲያ ሌላ ፊደል አይያዝም» የሚል ቢኖር ወደ ሰበታ ይሂድ፤ በዚያ ባለው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት በጣት የሚነበብ ፊደል ይማራሉና።

መምህር ከሩቅ መፈለግም አያስፈልግም። በአንድ ገበታ ላይ ቁቤ የሚያነብ ልጅና ፊደል የሚያነብ አባት ተቀምጠዋል። ልጁ ማስታወቂያውን ያነባል፤ አባቱም ለምን እንደ ተለጠፈና በስብሰባው ማን ምን ሊጠይቅ እንደሚገባ ያስረዳዋል። አባት ከልጁ መማርን ቢያፍር (ብዙዎች ያፍራሉ)፥ እናቲቱ ቀድማ ትቀመጥ፤ እርሱም ከወዲያ ሆኖ ማዳመጡ አይቀርም።