ዝናብ የማይበግረው ኮምፒውተር ምስጢር ይጠብቃል?

ሐሙስ የጅማ መርካቶ ሲደምቅ ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ከመካከላቸው ወፍራም ጥቁር ታብሌት በማንገቻ ያንጠለጠለ ወጣት ካዩ፣ ምናልባት የቡና ማሳ መዝጋቢ ይሆናል። መሣሪያው ቢወድቅ አይሰበርም፣ ዝናብ አያስገባም ሲባል ሰምተው ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን ውስጡ ያለው መዝገብ የእርስዎ ሊሆን ይችላልና፣ ከሽፋኑ አልፈው ስለ ቁልፉም ቢያውቁ ይጠቅምዎታል።

ለመሆኑ ለምን ይመዘገባል? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አወጣ። ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚሰፋው ዙሪያው ሁሉ ይለካል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ቢገፋም፣ ቡናቸው አውሮፓ ለሚሄድ ማህበራትና ላኪዎች ምዝገባው አይቀርም።

መዝጋቢው ማሳው መሀል ቆሞ ሳተላይቱን ይጠብቃል። ከጥላ ዛፉ ቅጠል ላይ ጠብታ መስተዋቱ ላይ ይወርዳል፤ በሸሚዙ እጅጌ ይጠርገዋል። ከዚያ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። ከቁጥሩ ጎን የባለማሳው ስም፣ ስልክ፣ የመሬቱ ስፋት፣ አንዳንዴም የፋይዳ ቁጥር ይገባል። በአንድ ታብሌት ውስጥ የመቶዎች ቤተሰብ ጉዳይ ይሰበሰባል ማለት ነው። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ሰፊ ማሳ እንዳለው፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ታዲያ ጥንካሬው ከምን መጣ? መነሻው ወታደር ቤት ነው። የአሜሪካ ጦር ሚል ስታንዳርድ 810 የሚባል የመፈተኛ ደንብ አለው፤ ሙቀቱን፣ ንዝረቱን፣ እርጥበቱን፣ መውደቁን ይፈትናል። በመውደቅ ፈተናው መሣሪያው ከ1.22 ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ ይጣላል፤ በ6 ገጹ፣ በ12 ጠርዙና በ8 ማዕዘኑ። ደንቡ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ቢሮ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚፈትነው አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ሻጭ «ሚል ስታንዳርድ አለው» ሲልዎ የትኛውን ፈተና እንዳለፈ ይጠይቁት።

ሁለተኛው ምልክት አይፒ የሚል ሆኖ ሁለት ቁጥር ይከተለዋል። የመጀመሪያው የአቧራ፣ ሁለተኛው የውሃ ነው። አይፒ 67 ማለት አቧራ ጨርሶ አይገባም፤ 1 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይም ችግር የለበትም። ይህ የሚሠራው ግን የቻርጀር ቀዳዳውን የሚደፍነው ላስቲክ በደንብ ከተገጠመ ነው። ላስቲኩን በጥፍርዎ ከፍተው ይዩት፤ ከተሰነጠቀ ለጅማ ክረምት አይሆንም።

እስካሁን ያወራነው ዕቃው እንዳይበላሽ ስለሚጠብቀው ነገር ነው። ሌባ ግን ዕቃውን መስበር አይፈልግም፤ ጨርሶ ሳይነካካ ይዞት ይሄዳል። በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ለሽፋኑ ብዙ ገንዘብ ይከፈላል፣ ቁልፉ ሳይበራ ይቀራል።

ቁልፉ ምስጠራ ይባላል። በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ማንም እንዳያነበው አድርጎ ያዘበራርቀዋል፤ መልሶ የሚያስተካክለው አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ቁልፍ የምንለው ይህን ቁጥር ነው። ምስጠራ ከሌለ የይለፍ ቃል ብቻውን ብዙም አያድንም። ሌባው ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው ሁሉም ነገር ይከፈትለታል። ምስጠራ ካለ የሚያየው ትርጉም የሌለው ፊደል ነው።

ቁልፉ የት ይቀመጣል ይሉኝ ይሆናል። ቲፒኤም የምትባል ትንሽ ቺፕ በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ አለች። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማስነሻ ፕሮግራሙ ያልተነካካ መሆኑን ታጣራለች። እንደነበረው ከሆነ ቁልፉን ትለቃለች፤ የተቀየረ ነገር ካየች ትይዛለች። ዲስኩ ብቻውን ከተወሰደ ቁልፉ እሷ ጋር ይቀራል። በዚህ ላይ ሲነሳ የምስጢር ቁጥር እንዲጠይቅ ካደረጉ፣ ኮምፒውተሩ ሙሉውን ቢሰረቅ እንኳ ሌባው በቀላሉ አይገባም።

ይህ ስንት ያስወጣል? በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር የሚባለው ምስጠራ አብሮ ይመጣል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። በአንድሮይድ ታብሌትም ከአንድሮይድ 10 ወዲህ በወጡት ላይ ምስጠራው ከፋብሪካ በርቶ ነው የሚመጣው። ነገር ግን የስክሪን ቁልፍ ካላደረጉበት ጥቅም የለውም፤ ያገኘው ሁሉ ጣቱን ጎትቶ ይገባል። ስድስት አሃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ያድርጉ። ከስልክዎ ቁጥር መጨረሻ የተወሰደ አይሁን።

ቢትሎከር ሲበራ 48 አሃዝ ያለው መጠባበቂያ ቁልፍ ይሰጣል። ወረቀት ላይ ያትሙትና በማህበሩ ካዝና ያስቀምጡት። ከኮምፒውተሩ ቦርሳ ውስጥ እንዳይገባ። ቁልፉ ከጠፋ ደግሞ ባለቤቱም መዝገቡን አያገኘውም፤ ያኔ የሚረዳዎ ጠጋኝ የለም።

የጣት አሻራስ? ቢሮ ውስጥ ጥሩ ነው። እሸት ሲለቅምና ጀንፈል ሲያገላብጥ የዋለ እጅ ግን ይሻክራል፣ ይጠቁራል፤ አሻራ ማንበቢያው ደጋግሞ ይስተዋል። ለማሳ ሥራ ካርድና ቁጥር አብረው ቢሆኑ ይሻላል። የአሜሪካ መከላከያ ሠራተኞችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ መታወቂያ ካርዳቸውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ይሰኩና ቁጥር ያስገባሉ። ካርዱ ብቻውን ወይም ቁጥሩ ብቻውን አይከፍትም።

የጠፋ ታብሌት ከሩቅ መዝገቡን ማጥፋትም ይቻላል። ትእዛዙ የሚደርሰው ግን መሣሪያው ኔትወርክ ሲያገኝ ነው። በጌራ ደን ውስጥ ወይም ሲም ካርዱ ወጥቶ ከተጣለ ትእዛዙ እየጠበቀ ይቆያል። ስለዚህ ምስጠራው ይቅደም፣ ይህ ይከተል። መሣሪያው ሲበዛ ደግሞ ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠር ፕሮግራም የግድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለተራዘመው 4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180,000 ታብሌት ተገዝቶ ነበር። ያን ያህል መሣሪያ አንድ በአንድ በእጅ መቆለፍ እንደማይቻል ለመረዳት ባለሙያ መሆን አያሻም።

ወታደሮች የሚጠቀሙበት ከዚህም ያልፋል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የስክሪኑ ብርሃን፣ ድምፁና ሬዲዮው ባንዴ የሚጠፋበት አለ፤ ጠላት በሌሊት እንዳያያቸው ነው። ለቡና መዝጋቢ ይህ አያስፈልገውም። የሚጠቅመው ሌላው ነው፦ ዲስኩ በጎን በኩል ባለች መቀርቀሪያ ተስቦ ይወጣል። ማታ ዲስኩ ካዝና ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ያድራል።

ዋጋው በብር ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በዶላር ልንገርዎ። የወታደር ደረጃ ያለው አዲስ ላፕቶፕ፣ ለምሳሌ የፓናሶኒክ ታፍቡክ፣ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ዶላር ያልፋል። ጠንካራ አንድሮይድ ታብሌት ከ500 እስከ 700 ዶላር አካባቢ ነው። ለመሠረታዊ ማህበር ሁለተኛው ከበቂ በላይ ነው። የተረፈው ገንዘብ ለሥልጠናና ለመለዋወጫ ባትሪ ቢውል ይሻላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ሰብሳቢውን የመጠበቅ ኃላፊነት ስለሚጥልበት፣ ታብሌቱ ቢጠፋ ጉዳዩ የመዝጋቢው ብቻ አይሆንም።

ያገለገለ ታፍቡክ ርካሽ ሆኖ ካገኙ ገንዘብ ሳይከፍሉ ያስነሱት። ዊንዶውስ ሳይመጣ ገና በጥቁር ስክሪን ላይ የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ወይም የማያውቁት ድርጅት ስም ከወጣ፣ መሣሪያው የቀድሞ ባለቤቱ ቁልፍ አልተፈታለትም። ሻጩ «እናስከፍተዋለን» ቢልዎ አይቀበሉት፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። በሰላም ከተነሳ ደግሞ ዲስኩን አጥፍተው ዊንዶውሱን እንደገና ይጫኑ፣ ምስጠራውን ያብሩ፤ የመጀመሪያውን ገበሬ ስም ከዚያ በኋላ ይጻፉበት።