ድሮን በአየር ላይ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ባለ አራት ሞተር ድሮን የሚያንሳፍፈው ክንፍ የለውም። በአየር ላይ የሚያቆየው የአራቱ ውልብልቢቶች ግፊት ብቻ ነው። ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ስለሚሽከረከሩ አንዱ ጥንድ አካሉን ለማዞር የሚያሳድረውን ኃይል ሌላው ጥንድ ይሽረዋል። ወደፊት መሄድም ሆነ በቦታው መዞር የሚቻለው አንዳንዶቹን ሞተሮች በማፍጠን፣ ሌሎቹን በማዘግየት ነው።

ይህን ሚዛን በሰው እጅ ብቻ መጠበቅ እጅግ ከባድ ነው። በሩሲያ የተወለደው መሐንዲስ ጆርጅ ደ ቦቴዛት እ.ኤ.አ. በ1922 ለአሜሪካ ጦር ባለ አራት ውልብልቢት ማሽን ሠርቶ ኦሃዮ ውስጥ ከመሬት አስነሥቶት ነበር። ነገር ግን ማሽኑ የተወሳሰበና ለአብራሪው አድካሚ ስለነበር ሥራው ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። ዛሬ ያንን ድካም የሚሸከመው በድሮኑ መሃል የተቀመጠው ትንሽ የበረራ መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። በላዩ ያለው ጋይሮስኮፕ የተባለ ሴንሰር ድሮኑ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚዘነብል ይለካል፤ ቦርዱም በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ጊዜ የሞተሮቹን ፍጥነት ያርማል።

የመንቀጥቀጡ ምንጭ እዚህ ላይ ይገኛል። ቦርዱ የሚያምነው ሴንሰሩ የነገረውን ነው። የተጎዳ ውልብልቢት አካሉን ቢያንዘፈዝፈው ቦርዱ ንዝረቱን እንደ እውነተኛ መዘንበል ቆጥሮ ሊያርመው ይታገላል፤ ትግሉም ንዝረቱን ያባብሰዋል። ብዙ ጀማሪዎች ድሮናቸው ሲንቀጠቀጥ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ሄደው የሶፍትዌሩን ቁጥሮች መቀያየር ይጀምራሉ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን በእጅ የሚዳሰሰው ክፍል ነው።

ድሮኑ ገና ከመሬት ሲነሣ የሚገለበጥ ከሆነ ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ፤ የሞተሮቹን ቅደም ተከተልና የመዞሪያ አቅጣጫ፣ እያንዳንዱ ውልብልቢት በትክክለኛው ሞተር ላይ መገጠሙን፣ እንዲሁም የቦርዱ ፊት ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መሆኑን። የሞተሮቹ ፍተሻ ውልብልቢቶቹ ወልቀው መከናወን አለበት፤ ጣት ይቆርጣሉና።

ተነሥቶ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የተጣመመ ወይም የተሸረፈ ውልብልቢት፣ የላላ ብሎን፣ የተሰነጠቀ ክንድ፣ ያለቀ ኩሽኔታ ይፈለግ። ሞተሩን በጣት ሲያዞሩት የሚፋጭ ድምፅ ካለው ኩሽኔታው ተጎድቷል ማለት ነው። ሞተሩን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ከረዘመም ጫፉ በሞተሩ ውስጥ ያለውን የመዳብ ሽቦ ነክቶ ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። አርዱፓይለት የተባለው ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የበረራ ሶፍትዌር የንዝረቱን መጠን ይመዘግባል። በመመሪያው መሠረት ከ30 ሜትር በሰከንድ ካሬ በታች የሆነ ንዝረት ብዙ ጊዜ አያሳስብም፤ ከ60 ካለፈ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ችግር ያስከትላል።

የአበራረሩ ሁኔታም ብዙ ይናገራል። በቦታው ቁም ሲባል እየሰፋ የሚሄድ ክብ የሚሠራ ድሮን አብዛኛውን ጊዜ ኮምፓሱ ተዛብቷል፤ ከባትሪው ኬብል አርቆ ማስቀመጥና እንደገና ማስተካከል ይገባል። ሳይታዘዝ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የከፍታ መለኪያው ነፋስ እያገኘው ሊሆን ስለሚችል በስፖንጅ ይሸፈን። ቀጥ ብሎ ሲወርድ ብቻ መናወጥ ግን ራሱ ወደ ታች በገፋው የታወከ አየር ውስጥ ከመግባቱ የሚመጣ ነው፤ ወደፊት እየሄዱ መውረድ ያቀለዋል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ችግሩ ካልጠፋ ወደ ቁጥሮቹ መሄድ ይቻላል። ሦስቱ ዋና ቁጥሮች ፒ፣ አይ እና ዲ ይባላሉ። ፒ ድሮኑ ለስሕተቱ የሚሰጠውን ምላሽ ጉልበት ይወስናል፤ ሲበዛ በፍጥነት ያርገበግበዋል፣ ሲያንስ ያለዝበዋል። አይ በጊዜ ብዛት የተጠራቀመውን ስሕተት ያርማል፤ ሲያንስ ድሮኑ በነፋስ ዝንባሌውን መጠበቅ ያቅተዋል። ዲ መወዛወዙን ያበርዳል፤ ከመጠን ካለፈ ግን ሞተሮቹን ያግላል። በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ያውም በትንሹ መቀየር ያስፈልጋል፤ ሁለት ቁጥሮች አብረው ከተቀየሩ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

አዲስ አበባ ላይ ለሚያበር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ያንኑ ክብደት ለመሸከም ሞተሮቹ 12 በመቶ ያህል ፈጥነው መዞር አለባቸው፤ ለእርማት የሚተርፋቸው ጉልበትም ያንሳል። በመሆኑም ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር አብራሪ የተቀዳ ቁጥር እዚህ ላይስማማ ይችላል። ድሮኑን ማቅለል ወይም ሞተሩ የሚችለውን ሰፋ ያለ ውልብልቢት መግጠም ብዙ ይረዳል።

ከአካሉ ወደ ሴንሰሩ፣ ከሴንሰሩ ወደ ቁጥሩ፤ ይህ ቅደም ተከተል ገንዘብም ጊዜም ያድናል። ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ሞተር ድሮኖችም የሚሠሩት በዚሁ መርህ ስለሆነ፣ አንዱን በትዕግሥት መርምሮ ያዳነ ወጣት የቀሩትንም መጠገን አያቅተውም። እስኪረጋ ድረስ ግን ድሮኑ በሰው አናት ላይ አይብረር።