በአንድ የጠዳ ቀጠሮ ስፓኒሽ

ከባሕር ዳር የሚመጣ ጓደኛ አላችሁ እንበል። ማክሰኝት የምትባለውን ከተማ ሲያልፍ፣ ከፊቱ ያለችውን ጠዳን መገናኛ አድርጋችሁ «ጠዳ እጠብቅሃለሁ» ብላችሁ ጻፋችሁለት። ይህችው መልእክት በስፓኒሽ «ቴ ኤስፔሮ ኤን ጠዳ» ናት። አራት ቃል ብቻ! ግን ስፓኒሽ ጀማሪን የሚያስቸግርበት ብዙው ነገር እዚህችው ውስጥ አለ። ደስ የሚለው፣ አብዛኛውን አማርኛ አስቀድሞ አስተምሮናል።

እስቲ «እኔ»ን ፈልጉት። የለም! ግሱ ባለቤቱን ይዞታል። እኛ «እ»ን ከፊት፣ «ለሁ»ን ከኋላ እናደርጋለን፤ ስፓኒሽ ይህን ሥራ ለቃሉ መጨረሻ ይተወዋል፦ ኤስፔሮ፣ እጠብቃለሁ፤ ኤስፔራስ፣ ትጠብቃለህ፤ ኤስፔራ፣ ይጠብቃል፤ ኤስፔራሞስ፣ እንጠብቃለን፤ ኤስፔራን፣ ይጠብቃሉ። በእንግሊዝኛ የለመደ ሰው ግን በየዓረፍተ ነገሩ «ዮ» ማለትም «እኔ» እያለ ይደክማል።

ጊዜውንም ልብ በሉ። ቀጠሮው ገና ነው፤ ግሱ ግን የአሁን ጊዜ ነው። «እጠብቅሃለሁ»ም እንዲሁ ለአሁንም ለነገም ያገለግላል። ስፓኒሽ የራሱ የትንቢት ጊዜ አለው፤ ለእንዲህ ያለ ቀጠሮ ግን የአሁኑ ይበቃዋል።

ተሳቢዋ «ቴ» ናት፤ የኛዋ «ሃ» መሆኗ ነው። እኛ ግሱ ሆድ ውስጥ እንከታታለን፣ እነሱ ከፊቱ ያቆሟታል። ትእዛዝ ሲሆን ግን እነሱም ወደ ኋላ ይለጥፋሉ፦ «ኤስፔራሜ»። «ኤስፔራ» ጠብቅ፣ «ሜ» ደግሞ እኔን፤ ልክ እንደ «ጠብቀኝ»።

አሁን የሚጥመው መጣ። የምትጠብቋት ሴት ብትሆንስ? አማርኛ ወዲያው «እጠብቅሻለሁ» ይላል፤ ስፓኒሽ «ቴ»ን አይነካትም። የሚመጡት የጓደኛችሁ አባት ቢሆኑስ? ነገሩ ይገለበጣል! ለአባቱም ለእናቱም «እጠብቅዎታለሁ» እንላለን። ስፓኒሽ ግን በአክብሮት ጊዜ ጾታ ይለያል፦ ለአባቱ «ሎ ኤስፔሮ»፣ ለእናቱ «ላ ኤስፔሮ»። አክብሮቱ ራሱ እንግዳ አይሆንብንም። «እርስዎ ይጠብቃሉ» ስንል ግሱን ከ«እነሱ» እንደምንበደር፣ እነሱም «ኡስቴድ ኤስፔራ» ብለው ግሱን ከ«እሱ» ይበደራሉ።

የቀረችው «ኤን» መስተዋድድ ናት። እኛ «ጠዳ እጠብቅሃለሁ» ብለን «ላይ»ን ብንተዋት ማንም አይታዘበንም፤ ስፓኒሽ ግን «ኤን»ን አይተዋትም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ወደ ስፓኒሽ በእንግሊዝኛ በኩል ዞራችሁ አትግቡ፤ ከአማርኛ በቀጥታ ተሻገሩ። ከኛ ቀድመው ወደ ስፓኒሽ የተሻገሩ አሉ፦ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኩባ ሄደው ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ በተባለችው ደሴት ላይ የተማሩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርታቸውን የተከታተሉት በስፓኒሽ ነው። መንገዱን በተቃራኒው የመጣም አለ፦ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ። እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ በ1622 እዚሁ አገራችን፣ ጎርጎራ ላይ ሞተ። እኛ «ሃ»ንም «ሻ»ንም በአንዲት «ቴ» ስንገላገል፣ እሱ በአንዷ ፈንታ ሁለት መልመድ ነበረበት።

በሉ ይችን ፍቱ፦ «ኖስ ኤስፔራን ኤን ጠዳ»። «ኖስ» እኛን ነው፤ የግሷ መጨረሻ «ን» ደግሞ ጠባቂዎቹ እነሱ መሆናቸውን ትናገራለች። «ጠዳ ይጠብቁናል» ካላችሁ ገብቷችኋል።